የጋሽ ባንጃው ነጭ ጨርቅ

መብራቱ ከጠፋ ይጥፋ፤ ተዉት። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ በሩን ዝጊው፤ ነፋስ ይገባል። ወሬ ካማራችሁ እኔ የማውቀው አንድ ወሬ አለ። እንዳትጮኹብኝ ብቻ።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። አንድ ሰው በረጅም የሣር ሜዳ መሀል ብቻውን ይሄዳል። በአንዱ ጫፍ ዋርካ፣ በሌላው ጫፍ ወንዝ። ቤት የለም፣ ሰው የለም። ከኋላው ኮቴ ይሰማል። ዞር ሲል ማንም የለም። ሰውየው ጌጡ ይባላል። ከኋላው የሚመጣው ማን እንደሆነ ደግሞ ጌጡ ያውቃል። እንዴት እንደሚያውቅ ልንገራችሁ።

ድሮ ነው። የመንደሩን ስም አልናገርም፤ ዘመድ ያላችሁ አትጠፉም። ቆላ ነው፣ የጥጥ እርሻ ነው። የእርሻው ጌታ ልዑልሰገድ የሚባል የከተማ ሰው ነበር። የራሱ አውሮፕላን ነበረችው። ትንሽዬ ናት፣ አራት ሰው ትይዛለች፣ የሚያበራትም እሱ ራሱ ነው። «ካፒቴን በሉኝ» ይላል። ምነው አንቱ አትለውም ትሉኝ ይሆናል። አልለውም! ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ።

ሠርግ ካየ ዝቅ ብሎ ዳሱን ያንቀጠቅጣል። ከብት ካየ ዝቅ ብሎ ይበትናል። ሁለት ቢራ ጠጥቶ ይነሳል። ጌጡ መካኒኩ ነው። «ካፒቴን፣ ቤንዚኑን ልለካው?» ሲለው፣ «እኔ በጆሮዬ አውቀዋለሁ» ይለዋል። «ደመናው ከብዷል፣ ቢያድሩስ?» ሲለው፣ «ሰማይ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አለ እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ጌጡም አብሮ ይስቃል። ለምን ይስቃል? መብረር ይፈልግ ነበራ! ሞተሯን ሲፈታና ሲገጥም ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ቀን እንኳ ከመሬት አላነሳችውም።

አሁን ይቺን ልብ በሉ። ሜዳው ሣር ነው። ከብት ይገባበታል። ሌሊት አዋልዲጌሳ የሚሉት አውሬ እየመጣ ይቆፍረዋል፤ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ደግሞ አለቀ። ስለዚህ ሜዳ ጠባቂ ነበረው። ሜዳ ጠባቂው ከዋርካው እስከ ወንዙ በእግሩ ይሄዳል፣ ከብቱን ያባርራል፣ ጉድጓዱን ይደፍናል። ሲጨርስ ከሜዳው ይወጣና ዳር ያለው ኩይሳ ላይ ቆሞ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል። አውሮፕላኗ እስከዚያ ከላይ እየዞረች ትጠብቃለች። ነጭ ጨርቅ ሳይታይ ማረፍ የለም። ሕጉ ይኸው ነው።

ሜዳ ጠባቂው ጋሽ ባንጃው ነበሩ። አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ረገጥ፣ ሸርተት። ረገጥ፣ ሸርተት። ጠላ እንኳ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ናቸው። ጌጡ ለሥራ የመጣ ጊዜ ማደሪያ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅያንጥፉ ከልጅ አልለዩትም። ጨርቁን የሰፉትም እሳቸው ናቸው፤ ጠርዙ ሲቀደድ በቀይ ክር ጠቅመውታል።

አንድ ቀን ልዑልሰገድ ከከተማ እንግዶች ጭኖ መጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጋሽ ባንጃው ገና መሀል ሜዳ ላይ ናቸው። ዞረ? አልዞረም። ጨርቅ አየ? አላየም። ለእንግዶቹ ጉራውን ሊያሳይ፣ ሞተሩን ቀንሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ ዝም ብሎ ወረደ። ጌጡ የቤንዚኑ በርሜል አጠገብ ቆሞ ያያል። «ጋሽ ባንጃው!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ወደ ጌጡ ዞር አሉ። ክንፉ መታቸው።

ልዑልሰገድ ከአውሮፕላኗ ወረደ፤ ቢራ ቢራ ይሸታል። የጌጡን ክንድ ያዘው። «ስማኝ። ጨርቁን አውለብልቦ ተመልሶ ገባ በል። ጠጥቶ ነበር በል። መብረር አስተምርሃለሁ። ከፊት ነው የማስቀምጥህ፣ ከጎኔ።»

ጌጡስ ምን አለ? ለፖሊስ እንደተባለው አለ። ቃሉን ሰጠ፣ ፈረመ። ይሄ ሳያንስ ልቅሶ ቤት ድረስ ሄደ። እትዬ ወርቅያንጥፉ እጁን ያዙትና፣ «ልጄ፣ አንተ ነበርክ እዚያ። ባንጃው እውነት ጠጥቶ ነበር?» አሉት።

«አዎ፣ እትዬ።»

እጁን ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጡም፣ ሰው ቤት አልገቡም። ሰካራም ሞቶባት ነው የሚለውን ሐሜት አልቻሉትም። የበላበትን ቤት እንዲህ አደረገው! ይኼ ጌጡ፣ እኔን ያቃጥለኛል እስከ ዛሬ።

አርባው ሲወጣ ጌጡ ልዑልሰገድ ዘንድ ሄደ። «ካፒቴን፣ እንግዲህ ትምህርቱን መቼ እንጀምር?» አለው።

ልዑልሰገድ እጁን አየው። ግራሶ ነው። «አንተን?» አለና ሳቀ። «ይልቅ ሜዳ ጠባቂ የለኝም፤ ቆይተን ስለ ትምህርቱ እናወራለን» ብሎ ያንን ነጭ ጨርቅ ሰጠው። ባለ ቀይ ክሩን።

ጌጡ ተቀበለ። ምን ያድርግ? ዋሽቷል፣ ፈርሟል። ማታ ማታ ሜዳውን በእግሩ ይሄድ ጀመር።

የመጀመሪያው ማታ ከኋላው ሣር ተንኮሻኮሸ። ጌጡ ቆመ። ኮቴውም ቆመ። ከቆመ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ሸርተት አለ።

ሁለተኛው ማታ ጉድጓድ ሊደፍን አካፋ ይዞ ወጣ። ጠዋት አራት ጉድጓድ ቆጥሯል። አንድም አጣ። አራቱም ተደፍነዋል፤ አፈሩ ርጥብ ነው፣ በመዳፍ ተጠቅጥቋል። ማን ደፈነው? አትመልሱልኝ፤ ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ማታ ከጀርባው፣ ከጆሮው ሥር፣ «ልጄ» አለው።

ጌጡ አልዞረም።

«ልጄ፣ ጠጥቼ ነበር?»

አካፋውን ጥሎ ሮጠ። ሲሮጥ ሲሮጥ ዋርካውን አልፎ እትዬ ወርቅያንጥፉ ደጃፍ ደረሰ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት፤ «አልጠጡም» ማለት። በሩ ላይ ቆሞ ለራሱ፣ «ነገ፣ በጠዋት እነግራቸዋለሁ» አለ።

በጠዋት ምን መጣ መሰላችሁ? በእርሻው ሬዲዮ የልዑልሰገድ መልእክት። «ዛሬ ማታ እመጣለሁ። ነገ ከፊት ትቀመጣለህ፤ ትምህርት እንጀምራለን።» ጌጡ ቱታውን አጠበ። እጁን በአመድ ፈተገ። እትዬ ቤትም ሳይሄድ ቀረ። አያችሁት? አንዴ የከዳውን ሰውዬ ሁለተኛ አመነው!

መሸ። ጌጡ ጨርቁን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከቶ ወደ ሜዳው ገባ። መሀል ሲደርስ ሞተር ሰማ። ቀና አለ። አውሮፕላኗ አልወረደችም። ዞረች። ጌጡ ዓይኑን ማመን አቃተው። ደግማ ዞረች። ልዑልሰገድ ያን ቀን ካየው ደም ወዲህ ፈርቷል፤ መጠጥም ትቷል፤ ጨርቅ ካላየ አይወርድም። ጌጡም፣ «ጎሽ፣ ይጠብቃል፤ ጨርቁ እኔ ጋ ነው» ብሎ ዝግ ብሎ መሄዱን ቀጠለ።

ሦስተኛውን ዙር ስትጨርስ ግን አፍንጫዋን ወደ ሜዳው አዞረች።

ጌጡ ወደ ኩይሳው አየ። ኩይሳው ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል። ብብቱን ዳበሰ፤ ጨርቁ አለ። እንደገና አየ። አንድ ሽማግሌ፣ በአንድ እግራቸው ዘመም ብለው፣ ቀስ አድርገው ያውለበልባሉ። ሩቅ ናቸው። ድምፃቸው ግን ጆሮው ሥር ነው።

«ልጄ፣ ጠጥቼ ነበር?»

«አልጠጡም!» አለ ጌጡ እየሮጠ። «ጋሽ ባንጃው፣ አልጠጡም! ዋሽቼ ነው! አልጠጡም!» ሞተሩ ድምፁን ዋጠው። ክንፉ መታው።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። የአደጋውን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ሜዳው ሮጡ። ጌጡ ነፍሱ አልወጣችም። ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሁሉንም ነገራቸው፤ ውሸቱን፣ ኮቴውን፣ ጨርቁን ማን እንዳውለበለበ። ጎረቤቶቹ ቆመው ሰሙ። «ይቅር በሉኝ፣ እትዬ» አለ።  መልሳቸውን ሳይሰማ ነፍሱ ወጣች።

በማግስቱ ፖሊስ መጣ። ልዑልሰገድ እየማለ ይጮሃል። «ጨርቁ ተውለብልቧል! ሦስት ጊዜ ዞሬያለሁ! ጠብቄያለሁ! አይቼ ነው የወረድኩት!» እውነቱን ነበር፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን አክብሮ ነበር።

መቶ አለቃው፣ «ማን ነው ያውለበለበው?» አለው።

«ኩይሳው ላይ የቆመ ሽማግሌ።»

መቶ አለቃው ከጌጡ ብብት የወጣውን ጨርቅ አሳየው። ተጣጥፏል። ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አለበት። ሌላ ነጭ ጨርቅ ኩይሳው ላይም፣ ሜዳው ላይም አልተገኘም። ከዚያ ወደ እትዬ ወርቅያንጥፉ ዞረ።

«እናቴ፣ ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት። ሟቹ ምን አለዎት?»

ልዑልሰገድ ሴትዮዋን አየ። «ንገሩት፣ እትዬ! እባክዎ፣ እውነቱን ንገሩት!» አለ።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀና ብለው አዩት።

«ካፒቴኑ ጠጥቶ ነበር» አሉ። «እንደዚያ ነው ያለኝ።»

ያን ቀን ልዑልሰገድ ጠብታ አልቀመሰም ነበር። ጎረቤቶቹ ሁሉ ቆመው ይሰማሉ። ጌጡ ያለውን በጆሯቸው ሰምተዋል። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ልዑልሰገድ እጁን ታስሮ ሲሄድ፣ «ኧረ አልጠጣሁም! ኧረ አልጠጣሁም!» እያለ ነው የሄደው።

ሜዳው ዛሬም አለ። አውሮፕላን ካረፈበት ስንት ዘመኑ! አዋልዲጌሳ ግን ሌሊት ይቆፍረዋል፣ ማታ ተደፍኖ ይገኛል። በዚያ በኩል ካለፋችሁ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ከኋላችሁ «ልጄ» የሚል ከሰማችሁ ደግሞ እውነቱን መልሱ። ለነገ ብላችሁ እንዳታሳድሩት።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ማነው እግሩን የሚጎትተው? እናንተማ ሁላችሁም ተቀምጣችኋል።

አንቺ! በሩን ዝጊ አላልኩሽም?