የአወቀ አሥራ ሁለት ሳምንት

ረቡዕ ረፋድ ላይ አወቀ ከዘንገና ሐይቅ በላይ፣ የእግር መንገዱ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ደረቱ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ ባዶ ጠርሙስ አጠገቡ ወድቋል። የተሰበሰበው ሰው ከንፈሩን መጠጠና ፍርዱን ሰጠ፦ ሰካራም ነበር፣ ሰክሮ ወድቆ ሞተ።

ኢንስፔክተር እናትነሽ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር የማይጥማት ሴት ናት። ጎንበስ ብላ የሟቹን ማጅራት አየች። ተፈንክቷል። በግንባሩ የወደቀን ሰው ማጅራቱን ምን መታው?

አወቀ በየመንደሩ ይካሄድ በነበረ የመጠጥ ሱስ ሕክምና ጥናት ውስጥ ነበር። ስልሳ ሁለት ጠጪዎች ምክር ያገኛሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ይውጣሉ። የትኛው ለማን እንደደረሰ መሪዋ ዶክተር ፋና እንኳ አታውቅም።

«ሰኞ ዝጉ የሚል ደብዳቤ ከላይ መጥቷል» አለች ፋና እንጅባራ ቢሮዋ ውስጥ። «ሰውየው ሰክሮ ከሞተ ሕክምናው አልሠራም ባዮች ናቸው። ስልሳ አንዱን ሰው ወደ አረቄው መልሺ ነው የሚሉኝ። አልዘጋም!»

እናትነሽ ወደ ሟቹ ቤት ስትሄድ ጫማዋን አውልቃ ወንዙን እስከ ጉልበቷ ገብታ ተሻገረች። ባለቤቱ ሸጋ ማዶ ቆማ ጠበቀቻት።

«ይቅር ይበሉን። ከሐምሌ ወዲህ ድልድይ የለንም፤ ጎርፍ ወስዶታል።»

«ባለቤትዎ የዚያን ዕለት ወዴት ሊሄዱ ነበር፣ እትዬ ሸጋ?»

«እንጅባራ። ዶክተሯን ላናግር ብሎ የጥናቱን ካርድ ደረት ኪሱ ከቶ፣ በዚያ ዝናብ ወጣ።» ነጠላዋን አጠበቀች። «ሰው ያሻውን ይበል። ባሌ አልጠጣም!»

የሬሳው ኪስ ውስጥ ካርድ አልነበረም።

አረቄ ሻጯ ዋጋዬ ጠርሙሱን ስታይ አልካደችም።

«የእኔ ነው። በገበያ ቀን ለመጣ ሁሉ እሸጣለሁ።»

«ጥናቱ ደንበኞችሽን ወስዶብሻል አሉ።»

«አሥራ ሰባት! ብገድል ዶክተሯን ነበር የምገድል። አወቀማ ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ነው የሚሄድ።»

ተሳታፊዎችን ቤት ለቤት የሚጎበኘው ደረሰ የተበጠረ ፀጉር፣ የተበጠረ አነጋገርም ያለው ወጣት ነው።

«ማክሰኞ ቤቱ ሄጄ ሰክሮ አገኘሁት። ቅጹ ላይ ሞልቻለሁ» አለና ፋይሉን በኩራት ገፋላት። «አንድም የጎደለ ነገር የለውም።»

«መንገዱ አያስቸግርም?»

«በቀርከሃው ድልድይ ሲሻገሩ ቅርብ ነው።»

እናትነሽ ፋይሉን ገልጣ ብዙ ቆየችበት። ይዛው ሄደች።

ቅዳሜ ተሳታፊዎቹ በሚሰበሰቡበት የቀበሌ አዳራሽ ሁሉንም ጠራቻቸው። ዋጋዬም መጥታ በር ላይ ተቀመጠች።

«አወቀ ደሙ ውስጥ የመጠጥ ጠብታ አልተገኘም» አለች እናትነሽ። «አረቄው ላዩ ላይ የፈሰሰ እንጂ የጠጣው አይደለም። ስካር እንዲመስል የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው። ዋጋዬ አይደለችም፤ ገዳይ የራሱን ጠርሙስ ጥሎ አይሄድም።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለች ዋጋዬ።

«ደረሰ ማክሰኞ በድልድዩ ተሻገርኩ ብሏል። ድልድዩ ከሐምሌ ጀምሮ የለም። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ቤት አልደረሰም።»

«ረስቼው ነው፣ ኢንስፔክተር!»

«ይህንስ?» ከፋይሉ ካርድ አወጣች። «ጎብኚው በሄደ ቁጥር የሚፈርምበት የአወቀ ካርድ ነው። በሞተበት ጠዋት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ዝናብም አርሶታል። ዶክተር ፋና የጻፈችው ስም ቀለሙ ተዝረክርኳል። በዚያው ዓይነት ብዕር የተፈረሙት አሥራ ሁለት ፊርማዎችህ ግን ንጹሕ ናቸው። የፈረምከው ካርዱ ከደረቀ በኋላ፣ አወቀ ከሞተ በኋላ ነው። ብትጥለው ኖሮ ማን ያገኝህ ነበር? ግን ፋይል ሲጎድል አያስችልህም።»

ደረሰ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ደወለልኝ። ‹አንድም ቀን አለመምጣትህን ለዶክተሯ ልነግር ነው፤ ሳልነግርህ ግን አልከስህም› አለኝ። መንገድ ላይ ጠብቄ ለመንኩት። ‹ሦስት ወር አልጠጣሁም፤ መጥቶ ያየልኝ ሰው ግን የለም› ብሎኝ ዞረ። ያኔ ድንጋይ አነሳሁ...»

«ጠርሙሱንስ ለልመና ነበር የያዝከው?»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ፋና ‹ሰክሮ ተገኝቷል› የሚለውን ቅጽ እያየች እንባዋ መጣ።

«መፋቅ ክልክል ነው። በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ እውነቱ ይጻፍና በዓይኑ ያየ ሰው ይፈርማል። ያየ ግን የለም።»

ሸጋ ከኋላ ተነሳች።

«እኔስ? አሥራ ሁለት ሳምንት በየማታው አፉን እያሸተትኩ ያደርኩት እኔ ሰው አይደለሁም?»

«እትዬ ሸጋ፣ ደንቡ ቤተሰብ እንዲፈርም...»

«ደንቡ የላከው ሰው ባሌን ገደለው። ብዕሩን አምጪ!»

ፋና ሐሰቱን በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ‹አልጠጣም› ብላ ጽፋ ብዕሩን ሰጠቻት። ሸጋ ጎንበስ ብላ፣ ፊደሉን እያንዳንዱን እየተጫነች፣ በቅጹ ላይ በአሥራ ሁለቱም ሳምንት ትይዩ ስሟን ጻፈች። ቀና ብላ ወደ ስልሳ አንዱ ዞረች።

«ሰኞ ከሕክምናው የሚቀር ማን ነው?»

እጁን ያነሳ አልነበረም።