የመጀመሪያው ማዞሪያ

«ነካሽው አይደል?» አለች እናቷ ከወጥ ቤት።

ብሪታ እጇን ቶሎ ሰበሰበች። የነካችው የሙዚቃ ማሽኑን አራተኛ ማዞሪያ ብቻ ነው፤ ያውም በጣም በትንሹ።

«አልነካሁም!»

«ብሪታ!»

«እሺ በቃ፣ ትንሽ ነው የነካሁት። እመልሰዋለሁ።»

እናቷ ካሪን ስለ ሙዚቃ ምንም አታውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ግን ጆሮዋ አይቻልም፤ ከኋላ ወንበር የተወረወረ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር ይሰማታል። ሳሎኑ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሲንተሳይዘር የተባለ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያ የብሪታ ወንድም የሶረን ነው። ሶረን መጋቢት ላይ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በሐይቅ ላይ የብረት ማዕድን በሚያመላልስ መርከብ ተቀጥሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ ማን ከማን እንደወረሰው መጠየቅ አያስፈልግም።

ሲሄድ ማሽኑን ገመዶቹ እንደተሰኩ ትቶት ሄደ። ኖታዎቹን የሚመርጠው ማሽኑ ራሱ ነው፤ እንደ ዕጣ ያወጣቸዋል፣ አንዴ የተጫወተውንም ዜማ አይደግመውም። የሰው እጅ ያለበት ሙዚቀኞች «ኤንቨሎፕ» የሚሉት ክፍል ነው፣ አራት ማዞሪያዎች። አንደኛው ድምፁ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነሳ ይወስናል፤ ሁለተኛው ከተነሳ በኋላ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ ሦስተኛው የት ላይ እንደሚቆይ፣ አራተኛው እንዴት እንደሚጠፋ። ኖታው የማሽኑ ቢሆንም አነጋገሩ የሶረን ነበር። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ለመሄድም አይቸኩልም።

ካሪን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አስር ተኩል ላይ ከሥራ ስትገባ፣ ቦት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ትልና «በይ ክፈቺው» ትላለች። ሩብ ሰዓት ታዳምጣለች። ብሪታ አንድ ቀን ቀድታ ከስልኳ ብታሰማት፣ «ይሄ እኮ የትናንቱ ነው» አለቻት። እሷ የምትፈልገው የዛሬውን ነው።

ችግሩ ብሪታም ማሽኑን መፈለጓ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ለሚካሄደው የሙዚቃ ካምፕ የራሷን ሥራ ቀድታ እስከ አርብ መላክ አለባት። በሐሳቧ የያዘችው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ነው። ያለው ኤንቨሎፕ ደግሞ አንድ ብቻ። ማሽኑ የድሮ ስለሆነ ምንም ነገር አያስታውስም፤ ገመዱ አንዴ ከተነቀለና ማዞሪያው ከዞረ የሶረን ድምፅ አይመለስም። ፎቶ ብታነሳውስ ምን ዋጋ አለው? ይኸው በትንሹ ስትነካው እንኳ እናቷ ከወጥ ቤት ሰማች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሶረን መልእክት መጣላት፦ «ወደብ ገብተናል፣ እስከ ነገ ማታ ኔትወርክ አለኝ።» ወዲያው ደወለችለት።

«አንቺ ቀበጥ! እንዴት ነሽ?»

«ሶረን፣ ገመዶችህን ልነቅላቸው ነው።»

«ንቀያቸዋ! ለዚህ ነው እንዴ የደወልሽው? እኔ ደግሞ ናፍቄሽ መስሎኝ።»

«እማ በየቀኑ ትሰማዋለች።»

የሶረን ሳቅ ተቋረጠ። «ምኑን?»

«ያንተን ነዋ። ከሥራ ስትገባ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች።»

«ባክሽ አትዋሺ! እሷ እኮ ‹የፍሪጅ ድምፅ› ነው ያለችው።»

«እሱንማ አሁንም ትላለች።»

ከጀርባው የክሬን ጩኸት ተሰማ። ሶረን እንደገና ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «የመጀመሪያውን ማዞሪያ ለምን እንደዚያ እንዳዘገየሁት ታውቂያለሽ? እማ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው የምትነሳው አይደል? የጠዋቱን ዙር ጨርሳ ሶፋው ላይ ጋደም ስትል፣ እኔ እዚያው አጠገቧ ነበር የምለማመደው። ድምፁ ድንገት ከተነሳ ትበረግጋለች። እንዳትነቃ ብዬ ቀስ አደረግኩት፣ በዚያው ቀረ።»

ብሪታ ዓይኗን ወደ ሶፋው አዞረች። «ነግረሃት ታውቃለህ?»

«አበድሽ እንዴ? አንቺም እንዳትነግሪያት። የተለማመጥኳት ነው የሚመስላት። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ» አለች። ቃል መግባቷ የቆጫት ገና ስልኩን ሳትዘጋው ነው።

ሐሙስ አስር ተኩል ላይ ካሪን ገባችና ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «በይ ክፈቺው።»

ብሪታ ከፈተችው። የመጀመሪያው ኖታ ቀስ ብሎ ተነሳ። ካሪን ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ሲላላ ብሪታ አየች። ዝም ብትል ሶረን አይቀየማትም። ግን ዝም ካለች እናቷ ከማሽን ጋር እዚህ ሶፋ ላይ ልትከርም ነው። ስልክ ያለው ልጅ እያላት እንዲህ መሆኗ አሳዘናት።

«እማ፣ ቃሌን ላፈርስ ነው።»

ካሪን አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ለማን የገባሽውን?»

«ለሶረን።»

ብሪታ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሶፋው፣ ስለ መጀመሪያው ማዞሪያ። ካሪን ጎንበስ ብላ ቦት ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ተኝቼ አልነበረም» አለች።

«እ?»

«ያኔ፣ ሲለማመድ። ነቅቼ ነበር። ዓይኔን ከገለጥኩ ያቆማል ብዬ ነው የተኛሁ የመሰልኩት።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «የቱ ነው?»

ብሪታ አሳየቻት። ካሪን ጣቷን የመጀመሪያው ማዞሪያ ላይ አሳረፈች፤ አላዞረችውም። «በይ ስልክሽን ስጪኝ» አለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ነገ አይደል የምታስረክቢው? ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ?» ብላ በሩን ዘጋችው።

ብሪታ የመጀመሪያውን ገመድ ያዘች። የመጨረሻው ኖታ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠበቀችውና ነቀለችው። አንድ በአንድ የራሷን ሰካች። አራተኛውን ማዞሪያ አሳጠረች፣ ሦስተኛውን ዝቅ፣ ሁለተኛውን ፈጠን አደረገች። እጇ የመጀመሪያው ላይ ሲደርስ ከበሩ ጀርባ የእናቷ ድምፅ ተሰማ።

«ሶረን? ... አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እጇን መለሰች። ሥራዋ ሶረን ማዞሪያውን ከተወበት ቦታ ይጀምራል፤ ቅጂው ላይ እሷ ራሷ እያዞረች ወደ በረዶው ድምፅ ትወስደዋለች። እናቷን እንዳትረብሽ ማሽኑን ሳታስጮህ፣ የወጥ ቤቱ በር እስኪከፈት ድረስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።