ከባዱ ሰደርያ

ያኔ ሥራዬ ሰው መመዘን ነበር። የምሠራበት ክሊኒክ ገና በሙከራ ላይ ያለን የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ፈቃድ አግኝቶ ከሚሸጠው ጋር ያወዳድር ነበር። ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን ይወጋሉ፤ ማን የትኛውን እንደሚወጋ እነሱም እኛም አናውቅም። ደጉ ዘመን ነበር፤ ወጣት ነበርኩ።

ከተሳታፊዎቹ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመጣው ቦርጩን አስቀድሞ ነው። ወገቡን ልለካ ሜትሩን ሳዞርበት ሳቁ አመለጠው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣ መለካት እንዲህ ያሳፍራል እንዴ ሲስተር?»

«ዝም ብለው ይቁሙ። ሆድዎን አይሳቡ።»

«ሌላ ቦታማ ለቅቄዋለሁ። አንቺ ፊት ነው የምስበው።»

ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። የጥናቱ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ሠራተኛና ተሳታፊ ከሰላምታ አያልፉም። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን፣ የእሱ ተራ ስለሆነ፣ ፀጉሬን ደጋግሜ ማበጠር ጀመርኩ።

እያደር እሱም ሰደርያ መልበስ አመጣ፤ ራሱ የሰፋው ጥቁር ሰማያዊ። ለእኔ ያማረ መስሎኝ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ጉንጩ ገባ፣ ወገቡ በየሳምንቱ ጠበበ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሰደርያውን ያውልቁት፤» አልኩት አንድ ቀን።

«ይበርደኛል።»

እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩት። አውልቆ ሲሰጠኝ ክንዴን ይዞት ወረደ። ገበሩ ውስጥ፣ መጋረጃ እንዳይበር ግርጌው ላይ የሚሰፉትን ትንንሽ ብረቶች ደርድሮበታል።

«ከመጠን በላይ የከሳ ከጥናቱ ይወጣል ሲባል ሰማሁ፤» አለ ወለሉን እያየ። «ከወጣሁ በምን ሰበብ አይሻለሁ?»

ልቤ ዝም በይ ይለኛል፤ የጎደጎዱት ዓይኖቹ ደግሞ ያስፈሩኛል። ብደብቅለት ሊታመምብኝ ነው፣ ብናገር ላጣው ነው። ጥናቱን ለምትመራው ሐኪም ተናገርኩ። የዚያኑ ዕለት አስወጣችው፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሄደ። እንዴት እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲመረኝ ሱቁ ሄድኩ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር፤ ሲያየኝ እግሩ ቆመ።

«ተቀይመኸኛል?»

የመጀመሪያዬ «አንተ» ነበር። እሱም ሰምቶታል።

«አሳልፈሽ ሰጠሽኝ፤» አለ።

«እንድትድን ነው። ደግሞስ ከወጣህ ደንቡ አይመለከትህም፤ እኔንም።»

ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ጨርቆቹን አንስቶ ቦታ ለቀቀልኝ።

የጥናቱ ውጤት ሲገለጥ እኛ ተጫጭተን ነበር። ለካ እሱ ይወጋ የነበረው ነባሩን ነው። ሐኪሟ ግራ ገባት፤ በዚያ መድኃኒት እንዲያ የከሳ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ምንድን ነው ያከሳህ?» አልኩት።

መርፌውን ክር እያጎረሰ፣ ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«ማክሰኞ እስኪደርስ እህል አይወርድልኝም ነበራ።»

ከተጋባን ወዲህ ከስቶ አያውቅም።