ከቱቦው በታች

«ፈርሚና ገላግይን!» አለ ረጅሙ፣ የቡድኑን ሪፖርት በላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ወደ ልጅቷ እየገፋ።

አልፈረመችም። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክፍል እየዘለለች ዩኒቨርሲቲ ስለገባች የውሃ ኬሚስትሪ ተማሪዎች «ጩጬ» ይሏታል። ረጅሙና ባለመነጽሯም ቡድናቸው ውስጥ ያስገቧት መምህሩ ስላስገደዷቸው ነው።

ሥራው ከወንዙ ሦስት ቦታ ውሃ ቀድቶ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን መለካት ነበር። ሁለተኛው ቦታ ድልድዩ ሥር፣ ሦስተኛው ከቆዳ ፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ በታች ነው። ትናንት ግን ሽታው ከሩቅ ሲቀበላቸው ባለመነጽሯ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች፤ ረጅሙም ሦስተኛውን ጠርሙስ እዚያው ድልድዩ ሥር ሞላው።

«ከድልድዩ የተቀዳውን ከቱቦው በታች ነው ብዬ አልፈርምም» አለች።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

ባለመነጽሯ በሳቅ ፈነዳች። «ወይ ጉድ! ጡት ያልጣለች ሳይንቲስት!»

«ስሚ» አለ ረጅሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እናስረክባለን። ካልፈረምሽ ስምሽን እንሰርዘዋለን። ‹ምንም አልሠራችም› እንላለን። ሁለት ለአንድ ነን፤ ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?»

እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን አዙራ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከዕቃ ክፍል ጠርሙስና መመርመሪያ ፈሳሾች ወስዳ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች። ከቱቦው በታች ውሃው ጠቁሯል። አንዲት ሴትዮ ከወንዙ በላይ ካለው ቤታቸው በር ላይ ሆነው ገላመጧት።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?»

«ውሃውን ልመረምር ነው፣ እትዬ።»

«ስንቱ መረመረ! ቀድታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ምን እንዳለበት ተመልሶ የነገረን ግን የለም።»

አየር እንዳይገባበት ጠርሙሱን ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ አጥልቃ ሞላችው፤ ፈሳሾቹን ጠብ ጠብ አድርጋ ከደነችው። ኦክስጅን ቢኖር ከጠርሙሱ ሥር የሚረጋው ዝቃጭ ቡናማ ይሆን ነበር። እንደ ወተት ነጭ ሆነ።

ወደ ሴትዮዋ ወጣች። «እትዬ፣ ይህ ውሃ ዓሣ የሚተነፍሰው አየር የለውም። ሌላ ምን እንዳለበት ገና አላወቅሁም። ግን አትጠቀሙበት።»

ሴትዮዋ አላመሰገኗትም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የመምህሩን ቢሮ አንኳኩታ ገባች። የቡድኑ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሟ የለበትም።

«የግል ሪፖርት አልቀበልም ብዬ የለም?» አሉ መምህሩ ቀና ሳይሉ።

«ብለዋል» አለች። ከቱቦው በታች ያገኘችውን የጻፈችበትን ሁለት ገጽ ከቡድኑ ሪፖርት አጠገብ አኖረችና ወጣች።