አጭሬ በካሬ ሜትር

«ቁመትሽም ኪሎሽም እንደ በፊቱ ነው አይደል?» አለች ሲስተሯ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። የክፍሉ ሚዛን ተበላሽቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኮሪደሩ ተራ በሚጠብቅ ሰው ጢም ብሏል።

አጭሬ የሱሪዋን ጫፍ ወደ ታች ሳብ አደረገች። «አጭሬ» የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ። እሷም ብትሆን የአጭሬ ፀጉር መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ድምጿን አጥፍታ ከርማ፣ ትናንት ገና መልእክት ላከች፤ «ቅዳሜ ልደቴ ነው። ካልመጣሽ ተጣላን።» አጭሬ ስንቴ እንዳነበበችው እሷ ትወቅ። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ አውርዷት ወደ ሥራው ሄዷል። ቤት ውስጥ ከግድግዳው በቀር የሚያዋራት የለም፤ ብቸኝነቱ አንገፍግፏታል።

የካንሰር መድኃኒቱ እንዴት እንደሚመጠን ታውቃለች። ይህችው ሲስተር የመጀመሪያ ቀን አስረድታታለች፦ ከቁመቷና ከኪሎዋ ተነስተው፣ የገላዋ ቆዳ ተዘርግቶ ቢለካ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን ያሰላሉ፤ መጠኑ የሚወሰነው በዚያ ነው። «መሬት ነኝ እንዴ በካሬ የምለካው?» ብላ አስቃት ነበር።

አሁን ግን ሱሪዋ ከቁርጭምጭሚቷ ሸሽቷል፤ ወገቡም አልቆለፍ ብሏታል። ማንም አላየላትም እንጂ አድጋለች። ባለፈው ዙር ሁለት ቀን አስመልሷት በሦስተኛው ተነስታለች፤ ቅዳሜ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ናት። ተናግራ መድኃኒቱ ከጨመረ ልደቱ ቀረ። ዝም ካለች ደግሞ መድኃኒቱ ያንሳታል፤ በሽታው ልደት ነው ብሎ አይምራትም።

«ሰማሽኝ የኔ ቆንጆ?»

«አይደለም» አለች አጭሬ። «እንደ በፊቱ አይደለም ሲስተር። ሱሪዬ እኮ አጠረኝ።»

ሲስተሯ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና የጻፈችውን አጠፋች። ከጎረቤት ክፍል ሚዛን አስመጣች። ከዚያ ጫማዋን አስወልቃ ግድግዳው ላይ ካለው ሜትር አስጠጋቻት። «ስድስት ሴንቲ ጨምረሻል! ቤት ውስጥ ማንም አላስተዋለም?»

«ማን አለና» አለች አጭሬ። ልትስቅ ፈልጋ እንባ ቀደማት።

ሲስተሯ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት፤ ከዚያ ወደ ስሌቷ ተመለሰች።

መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ አጭሬ መርፌ በሌለበት እጇ ስልኳን አወጣች። «እመጣለሁ» ብላ ጽፋ ያልላከችው መልእክት አሁንም እዚያው ነበር። አጠፋችው።

«ቅዳሜ የምመጣ አይመስለኝም፤ ያስመልሰኛል» ብላ ጻፈች። «መጣላቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ነይና ቁመት እንለካካ።»

ጣቷ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ላከችው።