ከወንድሜ እጅ በቀር

ልብስ ሰፊዋ ሰው መለማመጥ አታውቅም ነበር። ሰፈሩ «ብረቷ» ይላታል፤ ከኋላዋ እንጂ ፊት ለፊቷ የሚደፍር የለም። እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ለምን ደስ አይላት? እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ተከታትለው ሲሞቱ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከሦስተኛ ክፍል ወጥታ የሁለት ዓመት ወንድሟን አዝላ የእናቷ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፤ ተቀመጠች፣ አልተነሳችም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ልብሶች፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የመኪናውን ድምፅ እየሰማ ይተኛል። ባል መጥቶላት ያውቃል፤ አንዱ «ልጁንስ ለዘመድ ብንሰጠው?» ቢላት በሩን በአፍንጫው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ያንኳኳ የለም።

ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር። ወንድሟ ቀዶ ሐኪም ይሆናል። ደንበኛ ስትለካ ሁሉ ታወራዋለች፦ «እኔ ጨርቅ ቀድጄ እሰፋለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ሰው ቀድዶ ይሰፋል። ዘራችን ነው!» ልጁ ተማረ፣ ጎበዝ ወጣው፣ ነጭ ጋውን ለበሰ። ያን ቀን እቤት መጥቶ አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም እኮ። የሰመመን ሐኪም ነኝ። ሰው ኦፕራሲዮን ከመሆኑ በፊት የማስተኛው እኔ ነኝ።»

በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «ማስተኛት?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ደብተር የፈጀኸው? እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ አንተን ሳስተኛ አልኖርኩም እንዴ!»

ሳቀ፤ ምን ያድርግ። «ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ነው የሚያየው። እኔ ራስጌው ተቀምጬ ሰውየውን አያለሁ። ትንፋሹን፣ የልቡን ምት፣ የደሙን ግፊት። እስኪነቃ ድረስ ዓይኔን አልነቅልም።»

«ታዲያ ዘበኛ ነህ በለኛ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «አስተኚው» ሆነ። ደንበኞቿ ፊት «አስተኚያችን መጣ፣ ዓይናችሁን ያዙ!» ትላለች፤ ሴቶቹ ይንከተከታሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብሯቸው ሳቀ። ሰው ሲስቅ ያልተጎዳ ይመስለናል... ወይ አለማወቅ! አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «እትዬ፣ ዛሬ የአንዲት እናት ልብ ቆሞብኝ ነበር። ከብዙ ድካም በኋላ መለስኩት» አላት። እሷ የለካችውን ቀሚስ እየሰፋች ቀና እንኳን ሳትል «መልሰህ አስተኛሃት?» አለችው። ሁለት ደንበኞች ቁጭ ብለው ነበር፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የያዘውን ብርጭቆ ውኃ ሳይጠጣው አስቀምጦ ወጣ። ያኔ ተነስታ ብትከተለውስ? አልተከተለችውም። ስፌቱ እጇ ላይ ነበር።

ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ ትንሽ እንቅርት ነበራት፤ በሻርፕ ትሸፍነዋለች። ዓመት ሲጨመር እሱም ጨመረ። የተረሳ ነገር መሰላት እንጂ ከውስጥ የአየር ቧንቧዋን እያጣመመው ነበር። አንድ ጠዋት የወደቀ መርፌ ልታነሳ ስታጎነብስ ወንድሟ ትንፋሿን ሰማ። ቀጭን ፉጨት። የዚያ ሰው ጆሮ ደግሞ ትንፋሽ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው።

«እትዬ፣ በጀርባሽ መተኛት ትችያለሽ?»

«ደግሞ እንዴት እንደምተኛ ልታስተምረኝ ነው?»

አልሳቀም። ከዚያ በፊት ከአንዲት ቀን በቀር ሳይስቅላት ቀርቶ አያውቅም፤ እሱ ነው ያስፈራት። በማግስቱ እጇን ይዞ ሆስፒታል ወሰዳት። እንቅርቱ መውጣት አለበት ተባለ፤ ቀን ተቆረጠ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያየቻት የወንድሟ ባልደረባ የሆነች ረጅም ሴት ነበረች፤ የሰመመን ሐኪም። «አፍዎን ይክፈቱ፣ እትዬ» አለቻት፤ አፏ ስንት ጣት እንደሚያስገባ ለካች። አንገቷን ወደ ኋላ አስዘረጋቻት፤ ከአገጭ እስከ ጉሮሮ ያለውን በጣቶቿ ለካች። የሚነቃነቅ ጥርስ አለ ወይ? ከዚህ በፊት ሰመመን ወስደው ያውቃሉ? ምን መድኃኒት ይውጣሉ? በጀርባ ሲጋደሙ ምን ይሆናሉ? ሁሉንም ጻፈች። ልብስ ሰፊዋ ትክ ብላ ታያት ነበር። እሷም ሰውን እንዲህ ነው የምትለካው! ጨርቁ ከመቀደዱ በፊት፣ አንድ ጣት እንኳን ሳትዘነጋ። «ወንድሜም እንዲህ ነው የሚያደርገው?» ብላ ጠየቀች። ረጅሟ ሴት ብዕሯን አስቀመጠች። «እኛን ያስተማረን እሱ ነው። የከበደ በሽተኛ ሲመጣ ሁላችንም እሱን ነው የምንጠራው። አልነገረዎትም?»

አልነገራትም። መች አስነገረችውና!

ያን ሳምንት እህል አልበላ አላት። ይቅርታ የሚባል ቃል በዕድሜዋ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመር እንኳን አታውቅም። መኪናዋ ላይ ሆና ታወጣለች፣ ታወርዳለች። በመጨረሻ በራሷ መንገድ አገኘችው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰደበችው፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ታከብረዋለች። የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት የሆስፒታሉን ጋውን ለብሳ፣ ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹ ባሉበት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እኔ ከወንድሜ እጅ በቀር በማንም አልተኛም!»

ይህ ነበር ይቅርታዋ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት የቀለደችበትን ሥራ፣ ነፍሴን ላንተ ሰጠሁ ማለቷ ነበር። ግን ይህን ከእሷ በቀር ማን ያውቃል?

ወንድሟ ፊቱ ነጣ። «እትዬ፣ አይሆንም። የገዛ ሥጋችንን አናስተኛም። እጅ ይከዳል፣ ሐሳብ ይጠፋል። እሷ ታስተኛሽ፣ ጎበዝ ናት።»

«ለመንገደኛ ሁሉ የማትነፍገውን ለእኔ ትነፍገኛለህ?»

«እትዬ፣ ስሚኝ...»

«ሰማሁ። የሳቅሁብህን እየመለስክ ነው። ደግ አደረግህ!»

መጋረጃውን ስባ ልብሷን ለበሰች። እስከ ውጪው በር ድረስ ተከተላት፤ ክንዷን ሲይዛት መንጭቃው ሄደች። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ይጠብቅ ነበር። እሷ መንገድ ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሆነ። ወንድሟ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ መስኮቱ ሥር ይቆማል። «እትዬ፣ በእኔ ተቀየሚ፣ ግድ የለም። ግን ሌላ ሆስፒታል ሂጂ። እባክሽ። ፉጨቱ ከዚህ ይሰማኛል።» እሷ የመኪናዋን መርገጫ አጥብቃ ትረግጣለች፤ ክሩ አልቆ፣ መርፌው ባዶ ጨርቅ እየወጋ፣ ድምፁን እንዳትሰማ ትረግጣለች። አንዲት አሮጊት ጎረቤቷ ይህን መታገስ አቅቷቸው ገቡ።

«አንቺ ሴት፣ ያዘልሽው ልጅ እኮ ነው!»

«ልጅ የለኝም፣ እማማ። አስተኚ ነው ያለኝ።»

«ጥርስሽ ይርገፍ! እልህ ምሳ አይሆን፣ ራት አይሆን። ክፈቺለት!»

አልከፈተችም። አሮጊቷ ሲወጡ የመስኮቱን መጋረጃ ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየች። አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አየችው። ልቧ «ጥሪው!» አላት። አልጠራችውም።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ለእሷ የተተረተ መሰለ። አንድ ማለዳ አንድ ጣቃ ጨርቅ ልታነሳ ስትል አንገቷ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። እንቅርቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። እየተሰማት አበጠ፣ ሻርፑ ጠበባት፣ አየሩ ሁሉ ከቤቱ የወጣ መሰላት። አሮጊቷ እሪ ብለው ሰው ሰበሰቡ፤ በታክሲ አድርሰዋት ሆስፒታል ገባች። ረጅሟ ሴት በዚያ ሳምንት ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ሌላው የሰመመን ሐኪም ሆዷ የተከፈተ ወላድ ራስጌ ተቀምጦ ነበር፤ ጥሏት መነሳት አይችልም። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እየሮጠ ገባ። ቀጥ ብላ ተቀምጣ የአልጋውን ብረት ይዛ ነበር፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ፊቷ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። አሁን አላስተኛሽም፤ ብትተኚ ትንፋሽሽ ይዘጋል። ነቅተሽ እያለሽ ቱቦ አስገባልሻለሁ፤ ጉሮሮሽን አደነዝዘዋለሁ። ዓይኔን እዪ። ዓይኔን ብቻ።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ላይ አየችው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ድምፁ አልተሰበረም። መራራ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ረጨ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ረጨ። ቱቦውን አስገባ፤ መንገዱ በእብጠቱ ተጣሟል፣ አላልፍ አለው። ዙሪያው ጨለመባት። ከጨለማው ውስጥ የሐኪም ያልሆነ ድምፅ ሰማች፤ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ የምታውቀው የሕፃን ድምፅ፦ «እትዬ፣ አትሂጂብኝ... አትሂጂብኝ!» ቀጭኑን ቱቦ አነሳ። አለፈ። አየር ገባ። ከዚያ በኋላ አስተኛት።

ኖረች። ግን እንቅርቱ የድምፅ አውታሮቿን ከሚያንቀሳቅሱት ሁለት ነርቮች ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሲወጣ ሁለቱም ተጎዱ። አንገቷ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ተበሳላት፤ ድምፅዋ ጠፋ። ቀዶ ሐኪሙ «ያኔ በቀጠሯችን ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ወንድሟ ሌትና ቀን አጠገቧ ነበር። ሕመሟን ይጠይቃል፣ በመርፌ ያስታግሳል፣ ቱቦዋን ያጸዳል፣ ትራሷን ከፍ ያደርጋል። የእሱ ሥራ በማስተኛት እንደማያልቅ ያኔ ገባት። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። ነፋስ ብቻ ወጣ።

ከወር በኋላ ረጅሟ ሴት እቤት ልትጠይቃት መጣች። በርጩማውን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። ወደ ሥራ እንደተመለሰ ቀላል በሽተኛ ተሰጠው፤ ብብቱ ላይ እባጭ ያለበት ሰውዬ። መሣሪያውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ። ለእኔ ሰጠኝ። በማግስቱም እንደዚያው። የእርስዎ ፊት ነው የሚመጣበት... ጠቁረው። ደንቡ ለዚህ ነበር። አሁን መድኃኒት ክፍል ነው የሚሠራው። ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቷል።»

ልብስ ሰፊዋ እሪ ልትል ፈለገች። በምን ትጩህ? የሳቀችበትን ሥራ፣ ስሙን ያበላሸችበትን ሥራ፣ ነፍሷን ያዳነላትን ሥራ፣ በገዛ እልኋ ከእጁ አስጣለችው! እሱ ያን ምሽት ሲመጣ ሁለት እጆቹን ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ይንቀጠቀጡ ነበር። እንባዋ ላያቸው ላይ ፈሰሰ።

«አይዞሽ እትዬ» አላት። «ያን ጠዋት የጠላሁሽ መሰለሽ። ዘጠኝ ዓመት በሰው እህት ራስጌ ስቀመጥ ውጪ የሚጠብቁ ወንድሞችን አያለሁ። ያን አንድ ቀን ብቻ ሐኪም መሆን አልፈለግሁም። ወንድምሽ ሆኜ ውጪ መቆም ነበር የፈለግሁት።»

በዓመቱ፣ ቀዳዳውን መዝጋት ይቻል እንደሆነ ለማየት ድጋሚ ኦፕራሲዮን ታዘዘላት። ድምፅዋን ይመልሰዋል ብሎ ቃል የገባ የለም። በተሽከርካሪ አልጋ ስትወሰድ ወንድሟ እጇን ይዞ አብሯት ሄደ። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊት ወለሉ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ከዚያ ወዲያ አስታማሚ አያልፍም። ያን መስመር ዘጠኝ ዓመት በየማለዳው ሲያልፈው የኖረ ሰው ደረሰበትና ቆመ። እጇን ለቀቀ። ረጅሟ ሴት ከወዲያ በኩል ተቀበለቻት። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ኋላ አየች። ከሰው እናቶችና ከሰው ባሎች መሐል፣ ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ደብቆ፣ ቆሞ ያያታል። የተመኘውን አገኘ... እንዲህ ባለ መንገድ!

በሩ ከመዘጋቱ በፊት አንዲት አስታማሚ «ምስኪን፣ ዕጣዋ ነው» ስትል ሰማች። ዕጣ ቢሆንማ በተጽናናች። ዕጣ እኮ ያን ጠዋት ከዚህ ሆስፒታል አላወጣትም፤ በገዛ እግሯ ነው የወጣችው። ምላስ ያላችሁ ሰዎች፣ የምትሉትን ቃል ዛሬ በሉት። እሷ ሃምሳ ዓመት ምላስ ነበራት።