ብረት ወደ አንቴናው አይቀርብም

የዶክተር ሂራማን ሬሳ ከበረዶው ስንጥቅ በገመድ ተጎትቶ ወጣ። ኢንስፔክተር ያንጂማ ተንበርክካ ከፊቱ ይልቅ እግሩን አየች። በረዶ የሚቆነጥጡት የብረት ጥርሶች ጫማው ላይ እንደታሰሩ ነበሩ።

አለቃዋ ከካትማንዱ ደውሎ «አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው፤ የግድቡ ሰዎች ቸኩለዋል» ብሏት ነበር።

«ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለችው።

ሟቹ ከሄሊኮፕተር ሥር በሚንጠለጠል የራዳር አንቴና የበረዶውን ውፍረት ይለካ ነበር። ልኬቱን የሚይዘውን መቅጃ ግን ያንጂማ ከዕቃው መካከል ፈልጋ አጥታዋለች። በረዶው ሳስቶ ከሥሩ ውሃ አቁሮ ከተገኘ፣ የታሰበው ግድብ አይሠራም፤ ከታች ያለው መንደርም ውሃው ሳይፈነዳበት መነሳት አለበት።

ትናንት የደረሰው የግድቡ ኢንጂነር ፕራቢን፣ «ስንጥቁ አፍ ላይ አንቴናውን ሲያስተካክል አዳለጠው። ዓይኔ እያየ!» አለ።

«አንተስ ካፒቴን ቴጅ?»

«ሞተር ስፈትሽ ነበር» አለ አብራሪው።

«የምን ሞተር! ድንኳኔ ውስጥ ሩዝ በምስር ሲፈትሽ ነበር እንጂ» አለች ወጥ ሠሪዋ ዲኪ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ልጆቿ ከታች መንደሩ ውስጥ ናቸው።

ያንጂማ የዲኪን ባዶ ጆሮ፣ ከዚያም የቴጅን በገመድ የታሰረ ሱሪ አየች።

«ዲዲ» አለቻት፣ በአገሩ ቋንቋ «እህት ዓለም» ማለቷ ነው፤ «ጉትቻሽን ምን ዋጠው?»

«ሟቹ ነዋ! ብረት ራዳሩን ያሳስተዋል እያለ። ብረት ይዞ አንቴናውን የነካ ምሳ አያገኝም ነበር።»

ያንጂማ ሦስቱንም አንቴናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሂራማን አንቴናውን ሊነካ ቢሆን መጀመሪያ የብረት ጥርሱን ይፈታ ነበር። አልፈታም። እንግዲያስ ሥራ ላይ አልነበረም። ጥርስ ያሰረ ሰው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አያዳልጠውም፤ ተገፍቷል። ካፒቴኑና ዲዲ ልማዱን ያውቃሉ፤ ቢዋሹም እንዲህ አይዋሹም። ይህን ውሸት የሚዋሽ ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው።»

ፕራቢን ሳቀ። «ጫማ ሊመሰክርብኝ? ለማንኛውም መቅጃው ጥልቁ ገብቷል። ልኬት የላችሁም!»

«መቅጃው መጥፋቱን ለማንም አልተናገርኩም» አለች ያንጂማ በዝግታ።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ልኬቱ ቢጠፋ በረዶው የት ይሄዳል?» አለች ዲኪ ፊቱ ቆማ።

ቴጅ የሱሪውን ገመድ አጠበቀ። «ነዳጅ አለኝ። ራዳሩን ማብራትም ሂራማን አሳይቶኛል። እንደገና እንለካለን።»

ያንጂማ ካቴናውን ፕራቢን እጅ ላይ ቆለፈች። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። አላነሳችም። ቀበቶዋን፣ ሰዓቷንና የሚጮኸውን ስልክ የዲኪ ድስት ውስጥ ጣለችና አንቴናውን በአንድ ጎኑ ያዘች።

«አንሱ!» አለች።